ዳገት ላይ የማትጨስ መኪና

በዚች ምድር ላይ ዳገት ስትወጣ ቅንጣት ጭስ የማታወጣ የናፍጣ መኪና አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም የኔ ናት። አውቃለሁ፣ አታምኑኝም። የገዛ ሚስቴም አላመነችኝም። “አንተ ራስህ ዳገት ስትወጣ ትጨሳለህ” ነው ያለችኝ። እኔ ግን ከራሴ አምጥቼ አይደለም የምናገረው። ዋጋው የኔን መኪና ከነነፍሴ የሚገዛ መሣሪያ ነው የመሰከረው። መሣሪያ ደግሞ እንደ ሰው አይዋሽም። ያሳዩትን ነው የሚያየው።

መጀመሪያ መኪናዬን ላስተዋውቃችሁ። አባዱላ የምንለው ሚኒባስ ናት፤ ከእንጅባራ ዳንግላ፣ ከዳንግላ እንጅባራ ሰው ታመላልሳለች። ስሟ ሙሽሪት ነው። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ሙሽራ የነበረችበት ዘመን ግን እኔ ሳልገዛት አልፏል። መካኒክነት ማን አስተማረህ ካላችሁኝ እሷው ናት፣ በየመንገዱ እየቆመች። ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩ መካኒኮች ሞተር ሲበላሽ መጽሐፍ ይገልጣሉ። እኔ ጆሮዬን ኮፈኑ ላይ ለጥፌ አዳምጥና “ይቺ ፖምፓዋ ነው” እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ፖምፓዋ አይደለም። ግን በልበ ሙሉነት ነው የምናገረው፤ ከመካኒክ የሚፈለገውም እሱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አለባት፤ ትጨሳለች። ትንሽ። ዳገት ላይ ብቻ። ከኋላዋ የሚመጣ ሹፌር መሽቷል ብሎ መብራት ያበራል እንጂ ሌላ ጉዳት የላትም።

መስቀል ካለፈ በኋላ ነው እንግዲህ መናኸሪያው ውስጥ ወሬው የተነዛው። የመኪና ጭስ የሚለኩ ሰዎች መጥተዋል፤ የሚጨስ መኪና ከአስፋልቱ ተነስቶ ወደ ቆላ በሚወርደው ኮረኮንች ላይ ይመደባል ተባለ። ማን አለ? አይታወቅም። መናኸሪያ ውስጥ ወሬ ባለቤት የለውም፤ ተሳፋሪ ብቻ ነው ያለው። እኔ ግን አመንኩት። ያንን ኮረኮንች የማታውቁት ዕድለኞች ናችሁ። አንዴ ወርዳ የተመለሰች መኪና ከሩቅ ትታወቃለች፤ በሩም፣ መስኮቱም፣ ወንበሩም የየራሱን ዘፈን ይዘፍናል። ሙሽሪት እዚያ ከወረደች የምትመለሰው በጆንያ ነው። የኔና የልጆቼ እንጀራ ደግሞ ያለው አስፋልቱ ላይ ነው።

በዚህ መሀል የማኅበራችን ሊቀመንበር ጠራኝ። የማኅበራችን ሊቀመንበር ጥሩ ሰው ነው፤ የተነገረውን ግማሽ ይሰማል፣ የሰማውን ግማሽ ሙሉ አድርጎ ያወራል።

“ለጥናቱ የተመረጥከው አንተ ነህ” አለኝ።

“ለምን እኔ?”

“በጣም ያረጀ የናፍጣ መኪና ፈልጉልን ብለው ነዋ” አለ፣ ትንሽ እንኳን ሳያፍር።

አጥኚዋ ትዕግስት ትባላለች። ከሩቅ የመጣች መምህርት ናት፤ ትሑት፣ ሳቂታ፣ ሰውን የምታከብር። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ነው የምፈራው። ቁጡ ሰው ቢመጣ ተቆጥቼ እገላገለው ነበር።

“ጋሼ፣ አይስጉ። ለጥናት ብቻ ነው፤ ማንንም አይጎዳም” አለችኝ።

በዕድሜዬ “ለጥናት ብቻ ነው” ተብሎ የተጀመረ ነገር መጨረሻው ሁለት ዓይነት ነው። ወይ ምንም አይመጣም፣ ወይ የመጣው ላንተ አይሆንም።

“ጋራዥ ውስጥ ቆሞ የሚለካ መኪና ሁሉ ጨዋ ነው” ብላ ቀጠለች። “እኛ የምንፈልገው መንገድ ላይ፣ ከነጭነቱ፣ ዳገት ሲወጣ የሚያወጣውን ነው። ስለዚህ እንደ ወትሮዎ ይንዱ።”

እንደ ወትሮዬ! እስቲ ፍረዱኝ፤ በኛ አገር ለእንግዳ ወትሮውን የሚያሳይ ማን አለ? እንግዳ ሲመጣ ልጅ ፊቱን ይታጠባል፣ ውሻ ይታሰራል፣ እጀታዋ ያልተሰበረችው ሲኒ ከቁም ሳጥን ትወጣለች። ባልና ሚስት እንኳን ጠባቸውን ለነገ ያሳድሩታል። እንግዳው “እንደ ወትሯችሁ ሁኑ” ካለ ደሞ የባሰ ነው። ሊሰልል ነው የመጣው ማለት ነው።

ስለዚህ እንደ ደንቡ ተዘጋጀን። ረዳቴ ሙሉቀን፣ ጢሙ ከኔ የሚበልጥ ጎልማሳ ነው፣ ማርሚታዋን፣ ያው የጭስ ማውጫዋን፣ በሳሙና ፈትጎ ፈትጎ ፊት የሚያሳይ መስታወት አደረጋት።

“ጋሼ፣ ውስጡንስ?” አለኝ።

“ከቻልክ ግባና እጠበው።”

በማግስቱ ትዕግስት መሣሪያዋን አምጥታ ገጠመችው። የኋላውን ወንበር ሙሉ የያዘ ሣጥን ነው። ከሣጥኑ የወጣ ወፍራም ቱቦ ማርሚታዋ አፍ ላይ ተሰካ፣ ጣሪያው ላይ አንቴና ተተከለ፣ ሣጥኑ ላይ አረንጓዴና ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ሙሽሪትን ሆስፒታል የተኛች አስመሰሏት። መናኸሪያ ውስጥ የሚያልፈው ሁሉ “ምን አገኛት? እግዜር ይማራት” ይላል።

ጉዞ ወደ ዳንግላ ተጀመረ። ትዕግስት ጋቢና አጠገቤ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ተቀምጣለች። ወትሮ አንድ ወንበር ላይ አራት ሆነው፣ ዶሮ ታቅፈው፣ በሹፌሩ አነዳድ ላይ አስተያየት እየሰጡ የሚሄዱ ሰዎች ያን ቀን በየወንበራቸው ሁለት ሁለት ሆነው ዝም አሉ። ቀበቶም አሰሩ። ሙሽሪት ቀበቶ እንዳላት እኔም ያን ቀን ነው ያወቅሁት። አንዱ ሲሳብ ከውስጡ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወጣ።

እኔም ነዳሁ አልላችሁም፤ አስታመምኩ። ባጃጅ አለፈን። ቀጥሎ ብስክሌት አለፈን። አህያ የሚነዳ ሰውዬ ጎን ለጎን ትንሽ ከሄደ በኋላ ሰላምታ ሰጥቶን ቀደመ።

“ጋሼ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሄዱት?” አለች ትዕግስት።

“ሁልጊዜ!” አለ መኪናው በሙሉ፣ እንደ ተማሪ ባንድ ድምፅ።

ቁልቁለቱ ሲመጣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ማርሹን ነጥዬ በፎሌ ለቀቅኋት። ይቺ እንኳን እውነተኛ ወትሮዬ ናት፤ ናፍጣ ከሰማይ አይዘንብም።

“ሞተሩ ጠፋ እኮ!” አለች ትዕግስት ደንግጣ።

“አርፋ ነው።”

“ፍሬኑስ?”

“ፍሬኑማ አዲስ ቅዳም ሜዳው ላይ ይጠብቀናል።”

አዲስ ቅዳም ስንደርስ ዙሪያውን ታውቁታላችሁ፤ ገበሬው ሁሉ ዲከረንስ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ጭሱ ከየማሳው ተነስቶ ሰማዩን ይዞታል፤ ፀሐይ ራሷ ከጀርባው ትስላለች። አላስቻለኝም።

“መምህርት፣ ይኼኛውስ አይለካም?” አልኳት።

“እሱ የሌላ ሰው ጥናት ነው” አለች እየሳቀች።

“አይ ጋሼ” አለ ሙሉቀን ከበሩ ላይ፣ “ታርጋ ስለሌለው ነው።”

ዳንግላ ስንገባ ትዕግስት ኮምፒውተሯን ዘጋች። ሞኝ አይደለችም። “ጥፋቱ የኔ ነው” አለች። “እኔ እያለሁ ማንም እንደ ልቡ አይሆንም። በሌላ መኪና ቀድሜ እሄድና እንጅባራ እጠብቃችኋለሁ። መሣሪያው ራሱ ይመዘግባል። በወትሮዎ ይጫኑ፣ በወትሮዎ ይንዱ። እባክዎ ጋሼ፤ ለዳገቱ ነው ይኼን ሁሉ መንገድ የመጣሁት።”

አዘንኩላት። እውነቴን ነው። እሷ ዳገቷን ፈልጋ መጥታለች፣ እኔ አስፋልቴን። ሁለታችንንም የያዘው ያ ዳገት ነው።

ሄደች። በወትሯችን ጫንን። ሙሉቀን “ቆሰበር! ቆሰበር!” እያለ ጠራ፤ ሽማግሌዎቹ እንጅባራን ዛሬም ቆሰበር ነው የሚሏት። እቴ ውብነሽ የምትባል በርበሬ ነጋዴ ከነጆንያዋ ገባች። በኛ መስመር ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው አስታራቂ ሽማግሌ፣ አያ ፈንታ፣ ከኋላዬ ተቀመጡ። የቀረው ሰው እንደ ልማዱ አንዱ ባንዱ ላይ ሆነ፤ አንዳንዱ ሣጥኑን ተደግፎ እንቅልፉን ለጠጠ። ሳቅ፣ ጨዋታ፣ ሁካታ! ወትሮ ማለት ይኼ ነው አልኩ።

አዲስ ቅዳምን አልፈን ዳገቱ ጀመረ። ማርሽ ቀነስኩ፣ ናፍጣ ሰጠኋት። ሙሽሪት እንደ ልማዷ ጉሮሮዋን ጠረገችና ለቀቀችው። የሣጥኑ መብራት ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ዞረ። ከዚያም ይጮህ ጀመር።

“ኧረ ተናገረ! ሊያሳብቅ ነው!” አለች እቴ ውብነሽ።

“አቁም!” አሉኝ አያ ፈንታ።

አቆምኩ። ሙሉቀን ወርዶ ጎማው ሥር ታኮ አደረገ። አያ ፈንታ እንደ ሸንጎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ስሙ! ይቺ ልጅ እንግዳችን ናት። ይኼ መሣሪያ የያዘውን ይዞ ነገ አገሩን ሁሉ ይዞራል። እንዲህ የሚጨሰው የት ነው ሲባል ምን ሊባል ነው? ቆሰበር ዳገት ላይ ነዋ! ጭሱ የዚህ ሰውዬ ነው፤ ስሙ ግን የኛ ነው።”

“እኔም ኮረኮንች መውረዴ ነው” አልኩ፣ ጉዳዩ የኔም መሆኑን ለማስታወስ ያህል።

“ቱቦውን ንቀሉትና ይገላገል!” አለች እቴ ውብነሽ።

“እሱማ ማታለል ነው!” አልኳት ተቆጥቼ። እኔ ብዙ ነገር እባላለሁ፣ አታላይ ግን አይደለሁም። “እንደ ወትሮህ ንዳ ነው የተባልኩት። ማን ይግፋህ፣ ማን አይግፋህ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ደሞ ወትሮስ ቢሆን አትገፏትም?”

ይኼን ማንም ሊክደው አልቻለም። ሙሽሪትን ያልገፋ ተሳፋሪ በዚህ መስመር የለም። ወረዱና ከኋላ ሆነው ይገፉ ጀመር፤ እኔም ሞተሩን በትንሹ አገዝኳቸው። ያ ትንሹ ግን ከቱቦው ጎን እየሾለከ ፊታቸው ላይ ነው ያረፈው። ጥቂት እንደሄድን ዞር ብዬ ባይ ከዓይናቸውና ከጥርሳቸው በቀር ሁሉ ነገራቸው ጠቁሯል።

“አጥፋው! ኧረ ሰውዬ አጥፋው!” አሉኝ።

አጠፋሁት። ሲጠፋ ደሞ ሙሽሪት ወደ ዳንግላ ልትመለስ ጀመረች። ታኮ! ሙሉቀን ታኮ! በስንት ጩኸት ቆመች።

እንዲህ ግራ ገብቶን ሳለን ነው ከሠርግ የሚመለሱ ፈረሰኞች ከኋላችን የመጡት። አዊ ውስጥ ፈረስ ምን እንደሆነ ለማታውቁ አልነግራችሁም፤ አታምኑኝም፣ አሁንም የማታምኑኝ ይበቃኛል። ፈረሶቹ አጊጠው፣ ግላሳቸው እስከ ጉልበታቸው ወርዶ፣ ሰዎቹም ጠላ ጠጥተው ደስ ብሏቸዋል። መሪያቸው ዳማ ፈረስ ላይ ነው።

“ምን ሆናችሁ? ከእሳት ነው የወጣችሁት?” አለ ተሳፋሪዎቹን እያየ።

አያ ፈንታ በአገውኛ አስረዱት። ምን እንዳሉት እኔ ሁሉንም አልሰማሁም፤ ሰውየው ግን እየሰማ ደረቱ እየሰፋ ሄደ። ሲጨርሱ ወደኔ ዞረ።

“መሣሪያው ፈረስ ይጨሳል ይላል?”

“ስለ ፈረስ የተባለ ነገር የለም።”

“በሉ ጠፍር አምጡ!” አለ ለጓደኞቹ። “ፈረስ ባለበት አገር በመኪና ጭስ አንዋረድም።”

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይኔ ባላይ እኔም አላምንም። ፈረሶቹን ከፊት አሰለፏቸው። ጠፍሩ ከኮርቻ ወደ ኮርቻ፣ ከኮርቻ ወደ ሙሽሪት ታሰረ። ተሳፋሪው ከኋላ፣ ፈረሱ ከፊት፣ ሴቶቹ በእልልታ፣ እኔ መሪ ይዤ መሀል ላይ። ሞተሩ ጠፍቷል፤ የሚሰማው ኮቴና ፉከራ ብቻ ነው። የሣጥኑ መብራት አረንጓዴ ሆኖ ዝም አለ፣ እንደ ጠገበ ሕፃን። በዳር የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆሞ እጁን ያነሳልኛል፤ እኔም በመስኮት እጄን አውጥቼ እመልሳለሁ። ሠላሳ ዓመት ስነዳ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። አለመንዳት ነበር ለካ የሚያስከብረው።

ዳገቱ አለቀ። ፈረሰኞቹ ጠፍራቸውን ፈቱ። መሪያቸው ሣጥኑን በቅርብ ልይ ብሎ ዳማውን ወደ መኪናዋ ኋላ አዞረው። እኔም ሳላየው ሞተሩን አስነሳሁ። ሙሽሪት ዳገቱን ሙሉ የቆጠበችውን ባንድ ትንፋሽ አወጣችው። ዳማው አስነጠሰ፣ በሁለት እግሩ ቆመ፣ ከዚያ ጌታውን ይዞ በማሳው ውስጥ እግሬ አውጪኝ ብሎ ጠፋ። ሰውየው ሲሄድ የጮኸውን ስድብ አልጽፈውም፤ ልጆች ያነቡት ይሆናል።

እንጅባራ መናኸሪያ ደረስን። ትዕግስትና ሊቀመንበሩ ቆመው ይጠብቃሉ። ትዕግስት ኮምፒውተሯን ከሣጥኑ ጋር አገናኘች። አየች። ዓይኗን አሸች። ደግማ አየች።

“ጋሼ፣ ዳገቱ መነሻ ላይ ትንሽ ታየና ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ዜሮ ነው።”

“እንግዲህ ምን ይደረግ” አልኩ፣ በትሕትና።

“ሞተሩ አይሠራም ይላል። ግን መኪናዋ ወደ ላይ እየወጣች ነበር! ፍጥነቷም ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። መኪና እንዲህ አይሄድም።”

“አገሩ ደጋ ነው ልጄ” አሉ አያ ፈንታ። “ብርዱ ጭሱን እዚያው ውስጥ ያረጋዋል። እንደ ቅቤ።”

“እዚህ ሜዳው ላይ ደግሞ ድንገት ሰማይ የነካ ነገር አለ።”

“አስነጥሷት ነው” አልኩ።

ትዕግስት ቀና ብላ ተሳፋሪዎቹን አየች። “ፊታችሁስ ምን ሆኖ ነው?”

“ከሰል ነው እቴ” አለች እቴ ውብነሽ ሳትደነግጥ። “የከሰል አገር አይደል?”

ትዕግስት ወደ መኪናዋ ፊት ዞራ የተረሳ ቁራጭ ጠፍር አነሳች። “ይኼስ?”

“ለጌጥ ነው” አልኳት። “ሙሽሪት አይደለች?”

ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን። እኛም እንደ አስቀዳሽ ኮስተር ብለን ቆምን። ከዚያ ሳቀች፤ እስክታነባ ሳቀች። “ይኼ ውጤት አይያዝም” አለች። “በሌላ ቀን፣ በሌላ መኪና እደግመዋለሁ። ጋሼ፣ ቢጨስ እኮ ማንም ምንም አይልዎትም ነበር።” ዕቃዋን ሰብስባ፣ አያ ፈንታን ጉንጫቸውን ስማ ሄደች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔ ዛሬ አስፋልት ላይ ነበርኩ። ሊቀመንበሩ ግን ቆሞ ይሰማ ነበር። ነግሬያችኋለሁ፤ ግማሽ ነው የሚሰማው። “ዜሮ” የሚለውን ሰማ፣ “አይያዝም” የሚለውን አልሰማም።

በሳምንቱ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሳና፣ “ወንድሞቼ፣ የቆላው ሕዝብ ደካማ መኪና እየላካችሁ መንገድ ላይ አስቀራችሁን እያለ ስንት ጊዜ ሲያለቅስ ነበር!” አለ። “እነሆ መልሱ መጣ። ዳገት ላይ ዜሮ ያመጣች፣ በመሣሪያ የተረጋገጠች ብርቱ ሞተር በመካከላችን አለች!” አለና ወደኔ ጠቆመ። “ኮረኮንቹን እሷ ትያዘው!”

ጭብጨባ። ከሁሉ አብልጠው የሚያጨበጭቡት አስፋልት ላይ የቀሩት ናቸው።

ተነሳሁ። ልናገር ነው። “ወንድሞቼ፣ ሙሽሪትን ዳገቱን ያወጣት ፈረስ ነው” ብል ያልቃል። ይስቁብኛል፣ ግን አስፋልቴ ይተርፋል። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ይኼኔ ከኋላ ወንበር አንድ የማላየው ሰው፣ “ወሬው ነው እንጂ ሞተሩስ እንጃ!” አለ።

በቃ። እንዲህ ዓይነት ቃል ሰምቶ ዝም የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

“እንጃ?” አልኩ። “እንጃ ነው ያልከኝ? ከነገ ጀምሮ እወርዳለሁ! አንዴ ብቻ አይደለም፣ በቀን ደርሶ መልስ!”

ካፍ ከወጣ አፋፍ አይደል የሚባለው። ተጨበጨበ፣ ተመዘገበ፣ ተበተንን። ቤት ገብቼ ለሚስቴ ስነግራት፣ “ደርሶ መልሱን ማን ጨምር አለህ?” ብቻ ነው ያለችኝ።

ይኸው አሁን ኮረኮንቹ ላይ ነኝ። ቅሬታ የለኝም። አየሩ ሞቃት ነው፤ ለጉልበቴ ጥሩ ነው። የሙሽሪት የቀኝ መስኮት መጀመሪያው ሳምንት ላይ ተሰናበተችን፣ በሩን ሙሉቀን በእጁ ይዞት ነው የሚሄደው። አቧራው እንዲህ ስለሚበዛ ጭሷን ማንም አይቶት አያውቅም፤ በዚህ በኩል እንግዲህ መሣሪያው ልክ ነበር ማለት ነው።

“ይኼ ሰውዬ ይቀጥፋል” የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ታዲያ ቁጭ ብላችሁ ከምታሙኝ ተነስታችሁ ጠይቁ! አያ ፈንታን የትም ዕርቅ ባለበት ታገኟቸዋላችሁ። እቴ ውብነሽ ዳንግላ ገበያ በርበሬው ተራ አለች፤ ሳትገዙ ከጠየቃችኋት ግን አትነግራችሁም። ፈረሰኞቹን አንድ በአንድ ጠይቁ፤ አንድ ላይ ከሆኑ የጎተትነው ከባድ መኪና ከነተሳቢው ነው ይሏችኋል። ሊቀመንበሩን ብቻ አደራ እንዳትጠይቁት፤ ግማሹን ሰምቶ ሌላ መንገድ ያስጨምረኛል። ሰው ሁሉ ያጋንናል፣ ምስክርነቱ አይታመንም ካላችሁ ደግሞ ዳማውን ፈረስ ለምናችሁ አምጡና ከሙሽሪት ማርሚታ ኋላ አቁሙት። አገር ጥሎ ካልጠፋ፣ እኔ ዋሽቻለሁ።